የቆቦ ስም በኮምፒዩተር መዝገብ፦ የፋይል ስምና የፊደል ለቀማ ታሪክ

ከወልድያ ወደ ሰሜን የሚያመራው አውራ ጎዳና ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ቆቦ ሲደርስ፣ በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች በስተምዕራብም ደጋው ወደ ከበቡት ሰፊ ሜዳ ይገባል። ይህ የራያ ቆላ ማሽላና ጤፍ የሚያበቅል ለም መሬት ነው። ዝናሙ ግን ቀኑን የማይጠብቅ በመሆኑ፣ የአካባቢው ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳው እየመለሰ ኖሯል። ከቅርብ ዘመን ወዲህ ደግሞ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው የከርሰ ምድር ውኃ ለመስኖ ውሏል።

ጉድጓድ የሚቆፈረው በመኪና ነው፤ የሚጠበቀው ግን በመዝገብ ነው። የጉድጓዱ ጥልቀት፣ የውኃው ከፍታና በሰከንድ የሚሰጠው መጠን በየጊዜው ተለክቶ ካልተቀመጠ፣ ከ20 ዓመት በኋላ «ውኃው ወርዷል ወይስ እንደነበረ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ አይኖርም። መዝገብም ቢኖር የሚፈለገው በስሙ ነውና፣ ስሙ ከጠፋ መዝገቡ በመደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ሳለ እንደጠፋ ይቆጠራል።

በቀድሞው ሥርዓት ለመዝገብ ስም ማውጣት አድካሚ ነገር አልነበረም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በማኅደሩ ሽፋን ላይ «የቆቦ ወረዳ ውኃ ጽ/ቤት፣ 1976 ዓ.ም.» ብሎ ቢጽፍ ማንኛውም ሰው ያነበዋል፤ ማኅደሩም በቦታው ይቀመጣል። ይህንኑ አጭር አርእስት ለኮምፒዩተር ፋይል ስም አድርጎ ለመስጠት የሞከረ ሰው ግን ብዙ እንቅፋት ገጥሞታል። በቃላቱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ፣ በ«ጽ/ቤት» ውስጥ ያለው እዝባር፣ በ«ዓ.ም.» ውስጥ ያሉት ነጥቦች፣ ከሁሉም በላይ የግዕዝ ፊደላት ራሳቸው በየተራ ችግር ሲፈጥሩ ኖረዋል። ችግሩም ጎልቶ የሚታየው ጽሑፉ ለኅትመት ሲቀርብ፣ ይኸውም በዘመናዊው የፊደል ለቀማ ፕሮግራም ውስጥ ሲገባ ነው። ይህ እንዴት እንደ መጣ ለማስተዋል ወደ ኋላ ተመልሶ ታሪኩን መመልከት ያስፈልጋል።

በእርሳስ ዘመን

የግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ መኪና የታተመው በሀገር ውስጥ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ፣ በሮም ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት መካከል በአባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል እየታገዘ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። በኢትዮጵያ ውስጥ የኅትመት ሥራ ሥር እየሰደደ የሄደው ከብዙ ዘመን በኋላ ሲሆን፣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው።

በእርሳስ ዘመን ፊደል ለቃሚው በፊቱ በተደረደሩት ሣጥኖች ውስጥ ላለው ፊደል ሁሉ ጌታ ነበር። 33ቱ ፊደላት በ7 ሆሄያት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚያ ይበልጣል። ሥራው አድካሚ ነበር፤ ነገር ግን ከሣጥኑ የሚወጣው እያንዳንዱ ፊደል ወይም ምልክት ለመታተም ብቻ የተዘጋጀ ነበር። እዝባር እዝባር ነው፤ ነጥብም ነጥብ ነው። ፊደል ለቃሚውን «ከዚህ በኋላ ያለውን አታንብብ» ብሎ የሚያዝዝ ምልክት በሣጥኑ ውስጥ አልነበረም። ጽሑፉ የተጻፈበት ወረቀት ምን ተብሎ እንደ ተሰየመም ለኅትመቱ ሥራ ፈጽሞ አያሳስብም ነበር።

ኢንጂነር አያና ብሩ በሠሩት ፈር ቀዳጅ ሥራ ስማቸው የሚነሣው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲመጣ፣ ከሁለት መቶ በላይ የሆነውን ፊደል በጥቂት ቁልፎች የማስተናገድ ጥያቄ ተነሣ። የፊደሉን መልክ በጥቂቱም ቢሆን ለመኪናው ማጣጣም ግድ ሆነ። ሆኖም በዚህ ጊዜ የተነካው የፊደሉ መልክ እንጂ የመዝገቡ ስም አልነበረም። በጽሕፈት ቤቶች ውስጥ «መ/ቤት»፣ «ም/ቤት»፣ «ወ/ሮ»፣ «ዶ/ር»፣ «ገ/ማርያም» የሚሉት አጻጻፎች በእጅም በመኪናም እየተለመዱ ሄዱ፤ እዝባርም የአማርኛ የአሕጽሮተ ቃል ዋና ምልክት ሆነ። የደብዳቤ ቁጥርም በእዝባር እየተከፋፈለ መጻፉ ልማድ ሆኖ ቀረ።

መኪናው ለራሱ ያስቀራቸው ምልክቶች

በዚያው ዘመን፣ ከቆቦ እጅግ በራቀ ቦታ፣ ስለ አማርኛ ምንም ያልታሰበበት ሌላ ውሳኔ ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1963 አስኪ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው የአሜሪካ የኮድ ሠንጠረዥ ወጣ። ሠንጠረዡ 128 ቦታዎች ሲኖሩት ለሚታዩ ፊደላትና ምልክቶች የተመደቡት ግን 95 ብቻ ናቸው። 231 ፊደል ያለው ሥርዓተ ጽሕፈት በ95 ቦታ ውስጥ እንደማይገባ ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያሻም።

የፋይል ስም ሥርዓት የተሠራው በዚህ ጠባብ ሠንጠረዥ ላይ ነበር። በቤል ላቦራቶሪ የተወለደው ዩኒክስ እዝባርን ለራሱ ወሰደ፤ አንዱን ማኅደር በውስጡ ካለው ፋይል የሚለይበት ምልክት አደረገው። ስለዚህ በዩኒክስ ዓይን «ጽ/ቤት» ማለት «ጽ» በተባለ ማኅደር ውስጥ የሚገኝ «ቤት» የተባለ ፋይል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ዶስ ደግሞ ለፋይል ስም የፈቀደው 8 ፊደላትና ከነጥብ በኋላ 3 ፊደላት ብቻ ነበር። በዶስ ውስጥ እዝባር አስቀድሞ ለሌላ ትእዛዝ ተይዞ ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ማኅደሮች ሲመጡ ለመለያነት የተመረጠው ወደ ኋላ የተጋደመው እዝባር ሆነ። ይህ ምርጫ በዊንዶውስ ተወርሶ ቆይቷል፤ ዛሬም በዊንዶውስ ሁለቱም እዝባሮች በፋይል ስም ውስጥ አይፈቀዱም። ሁለት ነጥብ የሚመስለው የላቲን ምልክትም እንዲሁ የተከለከለ ነው።

የኅትመቱ ዓለም የራሱን ድርሻ የጨመረው በዚሁ ጊዜ ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዶናልድ ክኑዝ፣ የመጽሐፉ አዲስ እትም በኮምፒዩተር ተለቅሞ ሲመጣለት የፊደሉ አስቀያሚነት አሳዝኖት፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ቴክ የተባለውን የፊደል ለቀማ ፕሮግራም መሥራት ጀመረ። ቴክና ከእርሱ የተወለደው ላቴክ የሒሳብና የምሕንድስና ጽሑፍ ለማዘጋጀት እስከ ዛሬ በሰፊው ያገለግላሉ። በቴክ ውስጥ ጽሑፉና ለፊደል ለቃሚው የሚሰጠው ትእዛዝ በአንድ ላይ ስለሚጻፉ፣ ትእዛዙን ከጽሑፉ ለመለየት 10 ምልክቶች ለመኪናው ተመድበዋል። ወደ ኋላ የተጋደመው እዝባር ትእዛዝ ይጀምራል፤ የግርጌ ሰረዝ በሒሳብ ውስጥ ፊደልን ዝቅ አድርጎ ይጽፋል፤ ሞገድ የሚመስለው ሰረዝ መሥመር የማይሰበርበት ባዶ ቦታ ይሆናል፤ የመቶኛ ምልክት ደግሞ «ከዚህ በኋላ በዚህ መሥመር ያለውን ሁሉ ተወው» ማለት ነው። በመጀመሪያው የቴክ ልማድ የፋይል ስም የሚያበቃው ባዶ ቦታ ሲገኝ ነበርና፣ «ቆቦ ጊራና» የተባለን ፋይል እንዲያመጣ የታዘዘ ቴክ «ቆቦ» የተባለውን ብቻ ሲፈልግ ይገኛል።

እያንዳንዱ ውሳኔ በራሱ ምክንያት ነበረው። ችግሩ የተፈጠረው ውሳኔዎቹ ሲደራረቡ ነው። ለዚህም ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ዊንዶውስ 95 ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ይህ ሥርዓት ለረጅም የፋይል ስም እስከ 255 ፊደላት ፈቀደ። የቆዩት ፕሮግራሞች ግን 8 ፊደል ብቻ ስለሚያውቁ ለእነርሱ የሚሆን አጭር ስም በጎን ይፈጥርላቸው ነበር። በላቲን ፊደል «ቆቦ ጊራና» ተብሎ የተሰየመ ፋይል ባዶ ቦታው ወጥቶ፣ የመጀመሪያዎቹ 6 ፊደላት ተወስደው፣ ሞገደኛ ሰረዝና የ1 ቁጥር ተጨምሮበት ለአሮጌው ፕሮግራም ይቀርባል። ያ አሮጌ ፕሮግራም ቴክ ከሆነ ግን ሞገደኛው ሰረዝ ለእርሱ የስም ክፍል ሳይሆን ባዶ ቦታ ነው። ስለዚህ ባዶ ቦታን ለማስወገድ የተፈጠረው መድኃኒት ራሱ በቴክ ዘንድ ተመልሶ ባዶ ቦታ ሆነ።

አማርኛ በላቲን ልብስ

ከ1980ዎቹ የአውሮፓውያን ዓመታት ጀምሮ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በሀገር ውስጥም በውጭም አማርኛን በኮምፒዩተር ለመጻፍ የሚያስችሉ ፕሮግራሞችን አወጡ። አጋፋሪ፣ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በብዙ መሥሪያ ቤቶችና ማተሚያ ቤቶች ይታወቃሉ። የእነዚህ ፕሮግራሞች ዘዴ በአጭሩ የላቲኑን ኮድ በግዕዝ ቅርጽ ማልበስ ነበር። ኮምፒዩተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደልን ወይም ልዩ ምልክትን ቁጥር ሲሆን፣ በማያው ላይ ግን በተመረጠው ፎንት አማካይነት የግዕዝ ፊደል ይታያል። ይህ ዘዴ በጊዜው ታላቅ አገልግሎት ሰጥቷል፤ መጽሐፍና ጋዜጣ ተለቅሞበታል፤ ደብዳቤ ተጽፎበታል።

ሆኖም ሁለት ጉድለቶች ነበሩት። የመጀመሪያው እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ሠንጠረዥ ስለ ነበረው በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ መሆኑ ነው። ሁለተኛው በቀጥታ የፋይል ስምን ይመለከታል። ፎንት የሚለብሰው በጽሑፉ ውስጥ እንጂ በፋይሉ ስም ላይ አይደለም፤ የስሙ ዝርዝር የሚታየው በሥርዓቱ በራሱ ፊደል ነው። ስለዚህ ሰነዱ በአማርኛ ቢጻፍም ስሙ በላቲን መሆን ነበረበት። የቆቦ ስም ችግር የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

«ቆቦ» በላቲን እንዴት ይጻፋል? አንዱ በ«ኬ» ይጀምረዋል፤ ሌላው የ«ቀ» ድምፅ እንዳይጠፋ በ«ኪዩ» ይጽፈዋል፤ ሦስተኛው «ቢ»ን ያጠብቃል፤ የጣልያንን አጻጻፍ የተከተለ ካርታ ደግሞ በ«ሲ» ይጽፈዋል። በ«ኬ» የተጻፈውን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «ቆቦ» ይሁን «ኮቦ» ከጽሑፉ ብቻ ሊያውቅ አይችልም። በአንድ ዝርዝር ውስጥ በ«ኬ»፣ በ«ኪዩ» እና በ«ሲ» ሥር የተቀመጡ ሦስት ሰነዶች ስለ አንድ ከተማ መሆናቸውን የሚያውቀው ሀገሩን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ይህን ዝብርቅርቅ ለማስተካከል ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ የአውሮፓውያን ዓመታት ሴራ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀውን ሥርዓት አወጡ። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በአስኪ ምልክቶች ብቻ የሚጻፍበት ቁርጥ ያለ ደንብ ተሰጠው፤ «ቆቦ» በ«ኪዩ»፣ «ኮቦ» በ«ኬ» ሆነ። በጀርመን ሀገር በሐምቡርግ ብርሃኑ በየነ ከጀርመናውያን ባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው፣ ላቴክን አማርኛ ያስተማረው ሥራም ጸሐፊው በላቲን ፊደል ጽፎ በግዕዝ ፊደል እንዲያትም አስችሏል።

የሴራ ደንብ ለጽሑፍ የተሟላ ነበር፤ ለፋይል ስም ሲውል ግን ካላሰበው ችግር ጋር ተጋጨ። ሴራ ጠንካራና ለስላሳ ድምፆችን የሚለየው በትልቁና በትንሹ የላቲን ፊደል ነው። «ተራ» በትንሹ «ቲ»፣ «ጠራ» በትልቁ «ቲ» ይጻፋል። ዶስ የፋይል ስምን ሁሉ በትልቅ ፊደል ሲያስቀምጥ፣ ዊንዶውስም በተለመደው አሠራሩ ትልቁንና ትንሹን እንደ አንድ ይቆጥራል። ስለዚህ «ተራ» በተባለ ፋይል ላይ «ጠራ» የተባለ ፋይል ቢቀመጥ የኋለኛው የፊተኛውን ሊደመስሰው ይችላል። እንዲሁም «ሠ»፣ «ኀ» እና «ፀ» ከሞክሼዎቻቸው እንዲለዩ ከፊታቸው የሚቀመጠው የተገለበጠ ትእምርተ ጥቅስ፣ በቴክ የጥቅስ መክፈቻ በዩኒክስ ደግሞ የትእዛዝ ምልክት ነበር።

የቆቦ ስድስት ቁጥሮች

መሠረታዊው ለውጥ የመጣው የዓለም ፊደላትን ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ለማሰባሰብ በተነሣው በዩኒኮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው እትም የግዕዝን ፊደል በ345 ምልክቶች አካተተ፤ በኋላ በወጡት እትሞችም ለልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨምረዋል። ከዚህ ጊዜ አንሥቶ «ቆ» የማንም ፕሮግራም ንብረት ያልሆነ የራሱ ቁጥር አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ የግዕዝ ፎንት ይዞ ሲወጣ፣ በተራ ተጠቃሚ ኮምፒዩተር ላይ የፋይልን ስም በአማርኛ መጻፍና ማንበብ የተለመደ ነገር እየሆነ ሄደ።

ይሁን እንጂ ቁጥር ማግኘትና ያለ እንከን መጓዝ አንድ አይደሉም። የዩኒኮድ ቁጥር በፋይልና በመረጃ መረብ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዘው፣ ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ዩቲኤፍ 8 በተባለ ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ የላቲን ፊደል በ1 ባይት፣ ማለትም ከ0 እስከ 255 ባለ አንድ ቁጥር ሲጻፍ፣ የግዕዝ ፊደል ግን 3 ባይት ይፈልጋል። «ቆቦ» ለሰው ሁለት ፊደል ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን 225፣ 137፣ 134፣ 225፣ 137፣ 166 የሚሉ ስድስት ቁጥሮች ነው።

ፕሮግራሙ ይህን ካወቀ «ቆቦ» ተብሎ ይነበባል። ካላወቀና ቁጥሮቹን በቆየው የምዕራብ አውሮፓ ሠንጠረዥ ካነበባቸው ደግሞ፣ ጭረት ያለበት የላቲን «ኤ»፣ የከሺህ ምልክት፣ ጩቤ የሚመስል ምልክት፣ እንደገና ጭረት ያለበት «ኤ»፣ የከሺህ ምልክት፣ መካከሉ የተቆረጠ ቁም መሥመር ሆኖ ይወጣል። ከመሠረታዊው የግዕዝ ሠንጠረዥ የሚገኝ ፊደል ሁሉ በዚህ ዘዴ የሚጀምረው በ225 ስለሆነ፣ የተበላሸ አማርኛ ምንጊዜም ጭረት ያለበት «ኤ» ይበዛበታል። ይህን ምልክት የሚያውቅ ሰው ስሙ እንዳልጠፋና በተሳሳተ ሠንጠረዥ እንደ ተነበበ ወዲያው ይረዳል። ብዙ ፋይሎች በአንድነት ታሽገው በሚላኩበት በዚፕ ዘዴም ስሙ በዩቲኤፍ 8 መጻፉን የሚናገር ምልክት በደንቡ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ መሣሪያዎች የአማርኛውን ስም ማበላሸታቸው የሚያስደንቅ አይደለም።

በመረጃ መረብ በኩል የሚመጣ ፋይል ሌላ ልብስ ይለብሳል። የድር አድራሻ በአስኪ ብቻ እንዲጻፍ ስለሚፈለግ እያንዳንዱ ባይት የመቶኛ ምልክት ከፊቱ ተደርጎ በሁለት ፊደላት ይጻፋል። በዚህ መንገድ አንድ የግዕዝ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል፤ «ቆቦ» ራሱ 18 ምልክት ሲሆን ከእነዚህ ውስጥ 6ቱ የመቶኛ ምልክቶች ናቸው። ለአንድ ሰነድ «የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የከርሰ ምድር ውኃ ጥናት የመጨረሻ ሪፖርት» የሚል አርእስት ቢሰጠው፣ 38ቱ ፊደላትና 10ሩ ባዶ ቦታዎች በአድራሻ ውስጥ 372 ምልክቶች ይሆናሉ።

አንዳንድ ፕሮግራም ፋይሉን ከመረቡ ሲያወርድ ስሙን ወደ አማርኛ ሳይመልስ እንዳለ ያስቀምጠዋል። እንግዲህ መሐንዲሱ የጉድጓዶቹን ካርታ በዚህ ስም እንዳለ በላቴክ ጽሑፉ ውስጥ ለማስገባት ያዝዛል እንበል። ላቴክ የመጀመሪያውን የመቶኛ ምልክት ሲያይ የመሥመሩን ቀሪ ክፍል ሁሉ ይተወዋል። የተተወው ስሙ ብቻ አይደለም፤ ትእዛዙን የሚዘጋው ቅንፍም አብሮ ይተዋል። ፕሮግራሙም መዝጊያውን ፍለጋ ወደ ታች ያነብና ስሕተቱን የሚያስታውቀው ከተፈጸመበት ቦታ ርቆ ነው። ጀማሪው ጸሐፊ ስሕተቱን በታችኛው አንቀጽ ሲፈልግ ይውላል፤ በደሉ ግን ከላይ፣ «ቆ» በነበረችበት ቦታ ነው።

የ«ዓ.ም.» ነጥቦች

ነጥብም የራሱ ታሪክ አለው። ከዶስ ዘመን ጀምሮ ነጥብ የፋይሉን ስም ከዓይነቱ የሚለይ ድንበር ነው። የቀድሞው ላቴክ የፋይልን ስም ሲተነትን ድንበሩን የሚያገኘው በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ነበር። «ውኃ-1976ዓ.ም.» የሚል ስም የተሰጠው ሥዕል ሲቀርብለት ስሙ በ«ዓ» ላይ ያበቃና ከ«ም» ጀምሮ ያለው ሁሉ የፋይሉ ዓይነት ነው ተብሎ ይወሰዳል፤ ላቴክም እንዲህ ያለ የሥዕል ዓይነት እንደማያውቅ ይናገራል።

መሣሪያዎቹ የታረሙት ቀስ በቀስ ነው። ጆናታን ኪው እ.ኤ.አ. በ2004 ዚቴክን ሲያወጣ ዩኒኮድን በቀጥታ የሚያነብ፣ የኮምፒዩተሩን ተራ ፎንቶች የሚጠቀም የቴክ ዘር ተገኘ፤ አማርኛን በላቲን ልብስ ጽፎ ማሳተምም የግድ መሆኑ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2018 ላቴክ ዩቲኤፍ 8ን የተለመደ የጽሑፍ ዘዴው አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው እትምና በተከታዮቹ ደግሞ የፋይል ስም አተናተኑ ተሻሽሎ ባዶ ቦታ፣ ከአንድ በላይ ነጥብና ከአስኪ ውጭ የሆኑ ፊደላት ያለባቸው ስሞች መነበብ ቻሉ። ክኑዝ ሥራውን ከጀመረ 42 ዓመት፣ ግዕዝ ዩኒኮድ ከገባም 20 ዓመት ሆኖ ነበር። የመቶኛ ምልክት ግን ዛሬም የቴክ ነው፤ እዝባርም ዛሬም የማኅደር መለያ ነው።

መኪናው የማያርመው ችግር

እስከዚህ የተነገረው ችግር ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው። ከራሱ ከአማርኛ የሚመነጭ፣ ማንኛውም የፕሮግራም እትም ሊያርመው የማይችል ሌላ ችግር ደግሞ አለ።

ዩኒኮድ ለፊደላችን አንድ በጎ ነገር አድርጓል። በፈረንሳይኛ ጭረት ያለበት ፊደል በሁለት መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ አንድም እንደ አንድ ፊደል፣ አንድም እንደ ፊደልና እንደ ጭረት። በዚህም ምክንያት ለዓይን አንድ የሚመስሉ ሁለት የፋይል ስሞች ለኮምፒዩተሩ ልዩ ልዩ ሆነው ብዙ ሰው አስቸግረዋል። ግዕዝ ግን «ቆ»ን በ«ቀ» እና በድምፅ ምልክት አልከፋፈለውም፤ እያንዳንዱ ሆሄ አንድና አንድ ቁጥር ብቻ አለው። የጽሕፈት መኪናው ያስነሣው የመከፋፈል ጥያቄ በዚህ ተዘጋ። ከዚህም ሌላ የፊደላቱ ቁጥር «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» ብሎ የፊደል ገበታውን ቅደም ተከተል ስለሚከተል፣ በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎች በቁጥራቸው ሲደረደሩ አማርኛ አንባቢ በሚጠብቀው ሥርዓት ይሰለፋሉ።

ነገር ግን «ውኃ» የሚለውን ቃል እንመልከት። አንዱ «ውኃ»፣ ሌላው «ውሃ»፣ ሌላው «ውሀ» ብሎ ይጽፈዋል፤ ሁሉም አንድ ድምፅ ሆኖ ይነበባል፤ አንባቢም አይሳሳትም። ለኮምፒዩተሩ ግን ሦስት ልዩ ልዩ ስሞች ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ «ውኃ» የተባለ ፋይል እንዲገባ ታዝዞ በማኅደሩ ያለው «ውሃ» ከሆነ፣ የፊደል ለቀማው ፕሮግራም ፋይሉ የለም ብሎ ያቆማል። እውነቱን ነው፤ በዚያ ስም የተጠራ ፋይል የለም። «ጽሕፈት»ም እንዲሁ «ፅህፈት»፣ «ጽህፈት» እየተባለ ይጻፋል። በቃላት መካከል የሚገባው የግዕዙ ሁለት ነጥብና የላቲኑ ሁለት ነጥብም በማያው ላይ ይመሳሰላሉ፤ የመጀመሪያው በፋይል ስም ውስጥ ሲፈቀድ ሁለተኛው በዊንዶውስ የተከለከለ ነው።

ሞክሼ ፊደላትን የመቀነስ ወይም የመጠበቅ ክርክር ከኮምፒዩተር የቆየ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች በቂ ምክንያት አላቸው። የመዝገብ ሥራ ግን የክርክሩን ፍጻሜ ሊጠብቅ አይችልም። የራያ ቆላ የጉድጓድ መዝገብ ከ20 ዓመት በኋላ የሚፈለግ ከሆነ፣ ዛሬ የሚያስቀምጠው ሰው «ውኃ»ን በየትኛው «ኃ» እንደ ጻፈው ነገ የሚፈልገው ሰው ማወቅ ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ወገን አለው። በአንድ በኩል ለመኪናው ተብሎ ስም መለወጥ ዋጋ እንደሚያስከፍል ያሳያል። «ቆቦ» በላቲን ልብስ በቆየባቸው ዓመታት አንድ ከተማ በብዙ ስሞች ተበታትኖ ተመዝግቧል፤ «ቀ»ም ከ«ከ» ሳይለይ ቀርቷል። ዛሬ መሣሪያዎቹ የአማርኛን ስም ለማንበብ የደረሱ ስለሆነ፣ አዲስ ሰነድን በላቲን የመሰየም ግዴታ ከቀድሞው እጅግ ቀንሷል። በሌላ በኩል ለማኅደር ሽፋን የተስማማው አጻጻፍ ሁሉ ለፋይል ስም አይስማማም። ይህን ማወቅ የቋንቋን ክብር አይቀንስም፤ ፊደል ለቃሚው የሣጥኑን ክፍሎች እንደሚያውቅ ሁሉ የዛሬው ጸሐፊም የመሣሪያውን ጠባይ ማወቅ አለበት።

በሥራ ላይ የሚውለው መፍትሔ ከባድ አይደለም። «ጽ/ቤት» በፋይል ስም ውስጥ «ጽሕፈት-ቤት» ተብሎ ሳያጥር ይጻፋል። «ዓ.ም.» ተትቶ ዓመቱ በአኃዝ ብቻ ይቀመጣል፤ ሙሉው አጻጻፍ በሰነዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይሰፍራል። በቃላት መካከል ባዶ ቦታ ከመተው ይልቅ በቴክም በዊንዶውስም በዩኒክስም ዘንድ ጠብ የሌለው ተራ ሰረዝ ይገባል። ከመረብ የወረደ ፋይል የመቶኛ ምልክት ተሸክሞ ከመጣ ወደ ኅትመት ከመግባቱ በፊት ስሙ ወደ አማርኛ ይመለሳል። ከሁሉም በላይ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ዘወትር የሚጠቀምባቸውን ቃላትና የቦታ ስሞች፣ «ውኃ»ን፣ «ጽሕፈት»ን፣ «ቆቦ»ን፣ «ጊራና»ን፣ በአንድ ገጽ ላይ ዘርዝሮ በአንድ አጻጻፍ ይወስናል፤ የቆዩት የላቲን አጻጻፎችም ከጎናቸው ይመዘገባሉ። ይህ አንድ ገጽ በየትኛውም ፕሮግራም ውስጥ አብሮ አይመጣም፤ የሚጽፉት የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛና መሐንዲሱ አንድ ላይ ተቀምጠው ነው።

እንዲህ ከሆነ «ቆቦ-ጊራና-ውኃ-1976» የሚል ስም በማናቸውም የዘመኑ መሣሪያ ላይ ይነበባል፤ የፊደል ለቀማው ፕሮግራምም ያለ ክርክር ይቀበለዋል። ከዓመታት በኋላ የጉድጓዱን ጥልቀት የሚፈልገው ሰውም በፊደል ተራ ወደ «ቆ» ሄዶ መዝገቡን በቦታው ያገኘዋል።